የስንት ሞዴል ናት?

ሌላው ሰው ቤት ይሠራል፤ እኔ እጅ ሠራሁ። ያውም አንድ እጅ። ሁለተኛውን ለምን አልጨመርክም ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ፤ የመጀመሪያውን ስጨርስ ነገሩ ሁሉ እጅ እጅ ብሎኝ ነበር።

የምኖረው ሚዛን አማን ነው፤ አማን በኩል ባለ አንድ የቴክኒክ ኮሌጅ ኤሌክትሮኒክስ አስተምራለሁ። ይህን ስናገር «ታዲያ ቴሌቪዥኔን መቼ ላምጣልህ?» የማይለኝ ሰው ጥቂት ነው። ካውያ ያመጡልኛል፣ የስልክ ቻርጀር ያመጡልኛል፤ አንዷ ጎረቤቴማ መጮህ ያቆመ አውራ ዶሮ ታቅፋ መጥታ «እስቲ እየው» ብላኛለች። አየሁት። ምን ላድርግ? ሰው አምኖኝ ሲመጣ አላውቅም ማለት ይከብደኛል፤ መከራዬም ሁሉ የሚጀምረው ከዚሁ ጠባዬ ነው።

ዘንድሮ ኮሌጃችን በሩን ለሕዝብ የሚከፍትበት ቀን ሲቃረብ ዲናችን ሰበሰቡን። «አምና ያሳየነው የብረት በር ነበር። ሕዝቡ በሩን አየ፣ አዛጋ፣ በበሩ ወጥቶ ሄደ። ዘንድሮ አፉን ከፍቶ የሚያየው ነገር እፈልጋለሁ» አሉ። ማዛጋትስ አፍ መክፈት አይደለም ወይ ልል ምላሴን በላኝ፤ ግን ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ጠረጴዛውን ያያል። እኔ ደግሞ ዝምታ አልችልም። «ሮቦት ብንሠራስ?» አልኩ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና ሥራው እዚያው በእኔ ላይ ተጫነ።

ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ ሐሳብ መቼም እስኪጀመር ድረስ ቀላል ነው። ጠረጴዛ ላይ የተተከለ፣ ከትከሻው እስከ ጣቱ በትንንሽ ሞተሮች የሚንቀሳቀስ አንድ እጅ፣ ከፊቱ የተደረደሩትን ጎማዎች አንድ በአንድ እያነሳ መዳፍ በምታህል ቀይ መኪና ላይ ይገጥማል። መኪናዋ ስታልቅ በራሷ ባትሪ ጠረጴዛው ላይ ትሮጣለች። በቃ። እጁን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ምን ማድረግ እንዳለበት የሚነግረውን ፕሮግራም የጻፈችው ባልደረባዬ ሰናይት ናት። «ጭንቅላቱ የእኔ ነው፤ ጉልበቱ የእሱ» እያለች ለሰው ስታወራ፣ ነገሩ ስለ ሮቦቱ ብቻ አይመስለኝም ነበር።

የሚዛንን ዝናብ የማያውቅ ሰው ከጣውላ እጅ አይሥራ። እኔ እያወቅሁ ሠራሁ። ጠዋት እጥፍ ዘርጋ ሲል የነበረው ክንድ ከሰዓት ዝናቡ ሲወርድ እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፤ ክርኑ ቁርጥማት እንደያዘው ሽማግሌ እያቃሰተ አልታጠፍም ይላል። ከሰናይት የፀጉር ማድረቂያ ተውሼ አደረቅሁት። ማድረቂያውን ስመልስላት አመስግኜ ነበር፤ እሷ ግን «ፀጉሬ ቫርኒሽ ቫርኒሽ ይላል» ብላ አኮረፈችኝ።

ከዚህ የባሰው እጁ ዓይን የሌለው መሆኑ ነው። ጎማው የት እንዳለ፣ መኪናዋ የት እንደቆመች ሸምድዶ ነው የሚሠራው፤ እንደ አንዳንድ ተማሪዎቼ። ጠረጴዛው ጣት ያህል ከተንቀሳቀሰ አለቀለት። አንድ ቀን ሰናይት ሳታስበው ጠረጴዛውን ገፋ አድርጋው ኖሮ፣ እጁ ጎማውን አንስቶ፣ በእርጋታ መጥቶ፣ አፍንጫዬ ላይ ሊገጥመው ታገለ። ሰናይት በሳቅ ፈርሳ ማጥፊያውን መጫን አቃታት። የእኔ አፍንጫ ጎማ ቢገጠምለት ኖሮ ይሻለው እንደነበር አሁንም ድረስ ታወራለች።

ይህን ሁሉ አለፍነው። ነገሩ የተበላሸው በእጁ ሳይሆን በእኔ አፍ ነው።

ለክብር እንግድነት የተመረጡት አቶ ማርቆስ የሚባሉ ከሸዋ ቤንች በኩል የሚመጡ ቡና አምራች ነበሩ፤ ዘንድሮ ሞዴል አርሶ አደር ተብለው የተሸለሙ የተከበሩ ሽማግሌ። «የተገጣጠመችው መኪና ለእሳቸው ትበርከት» አሉ ዲኑ። ይህን ጊዜ ከመቀመጫዬ ብድግ ብዬ «ሞዴል መኪና ለሞዴል አርሶ አደር!» አልኩ። ተጨበጨበልኝ። ቤት ስለመታልኝ ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ መንገድ ላይ ለብቻዬ እየደጋገምኳት ነው ቤቴ የገባሁት።

አያችሁ፣ ለእኔ ሞዴል መኪና ማለት የትልቋ መኪና ትንሽ አምሳያ ማለት ነው። መጽሐፉም የሚለው እንደዚያ ነው። ሕዝብ ግን የሚኖረው ከመጽሐፉ ጋር አይደለም። ሕዝብ ዘንድ ሞዴል ማለት ምስጉን ማለት ነው፤ ሞዴል አርሶ አደር አለ፣ ሞዴል ቀበሌ አለ። መኪና ላይ ሲሆን ደግሞ ሞዴል ማለት የተሠራችበት ዘመን ነው። እንግዲህ «ሞዴል መኪና» ሲባል የሰማ ሰው፣ ከመኪኖች ሁሉ አዲሷንና ምስጉኗን ቢያስብ ምን አጠፋ?

በዚህ ላይ ደምሴ ተጨመረበት። ደምሴ ባጃጅ ላይ ሞንታርቦ ጭኖ ከተማውን እየዞረ ማስታወቂያ የሚናገር ሰው ነው። ጽፈው የሰጡትን አያነብም፤ አየት ያደርገውና የመሰለውን ይጮኻል። «በሚዛን አማን ታሪክ! መኪና! እዚሁ! በሮቦት እጅ! ተገጣጥማ! ሞዴል መኪና ለሞዴል አርሶ አደር! ቁልፏን ይረከባሉ!» ቁልፍ ከየት መጣ ብዬ ነበር። ማብሪያ ማጥፊያዋን ማለቱ ይሆናል ብዬ ተውኩት።

በማግስቱ ወደ ሥራ ስሄድ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ነጂ በመስታወቱ አየኝ።

«መምህር፣ የስንት ሞዴል ናት?»

«የዘንድሮ ናታ» አልኩት፤ ቀለሟ እንኳ ገና በቅጡ አልደረቀም።

«ቤንዚን ናት ናፍጣ?»

«በባትሪ ነው የምትሄደው።»

ፍሬን ያዘ። ዞሮ በሙሉ ዓይኑ አየኝና «ኤሌክትሪክ!» አለ፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንዳለ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ከሰዓት በኋላ ገበያው ሁሉ ሰምቷል። አከራዬ፣ ከገባሁ ጀምሮ «አንተ» ሲሉኝ የኖሩት ሴት፣ በድንገት «አንቱ» ይሉኝ ጀመር። የተማረ ሰው መከበር የጀመረበት ዘመን ደረሰ ብዬ አንገቴን ቀና አድርጌ ነው የሰነበትኩት።

ቀኑ ደረሰ። ሰማዩ ጠቁሯል፤ ሚዛን ላይ ይህ ወሬ አይደለም። ወሬው ሕዝቡ ነበር። ግቢው ሞልቶ አጥሩ ላይ ሰው ተንጠለጠለ፣ ጃንጥላ በጃንጥላ ሆነ። አንዱ የተበላሸ ባጃጁን እየገፋ መጥቶ «እጁ መኪናዋን ሲጨርስ የእኔን ማርሽ ይይልኝ» አለ። ሌሎች ደግሞ የትምህርት ማስረጃቸውን በፕላስቲክ ጠቅልለው «ፋብሪካው ቅጥር የሚጀምረው መቼ ነው?» አሉኝ። ሳቅሁ። የዛሬ ሕዝብ እንዴት ቀልደኛ ነው ብዬ።

ከዚያ አቶ ማርቆስ መጡ። ግራጫ ሙሉ ልብስ ከነከረባቱ ለብሰው፣ ከታች የዝናብ ቦት ተጫምተው። ከኋላቸው ባለቤታቸው፣ ከባለቤታቸው ኋላ ጎረቤቶቻቸው በሙሉ። ከሁሉም ኋላ በዚያ ዳመና ጥቁር መነጽር ያደረገ ጎልማሳ። አንዱ ጎረቤት አበባ ታቅፏል፣ ሌላው የተጠቀለለ ሸራ ተሸክሟል።

«አንተ ነህ መምህሩ?» አሉና ጨበጡኝ፤ ከጨበጡኝም አልለቀቁኝም። «ይሄ ቶማስ ነው፣ የወንድሜ ልጅ። ቴፒ አይሱዙ ነው የሚነዳው። ሥራውን አስትቼ አመጣሁት። እኔ መንዳት አላውቅማ!»

«አበባው ለምንድን ነው አባባ?»

«ለፊቷ ነዋ! እንደ ሙሽራ ነው ይዘናት የምንገባው።»

«ሸራውስ?»

«ዝናብ እንዳይመታት።»

ያን ጊዜ ገባኝ። ባጃጅ ነጂው፣ የአከራዬ አንቱታ፣ ፋብሪካው፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ገባኝ። እንደዚያን ቀን ፈርቼ አላውቅም። ለራሴ አይደለም፤ እኔ መሳቂያ መሆን ለምጄዋለሁ። እኚህ ሽማግሌ ግን ጎረቤት አስከትለው፣ ሾፌር አስጠርተው መጥተዋል። በዚህ ሁሉ ሕዝብ ፊት መዳፍ የምታህል መኪና ሲቀበሉ ፊታቸውን ወዴት ያደርጉታል? መንደራቸውስ ምን ይዘው ይገባሉ? ዕድሜ ልክ በላብ የተገኘ ክብር በእኔ የቤት መምታት አምሮት መሳለቂያ ሊሆን ነው።

ሮጬ ለዲኑ ነገርኳቸው። ፊታቸው አመድ መሰለ። ከዚያ ከረባታቸውን አስተካከሉና «ቃሉን ያመጣኸው አንተ ነህ፤ አንተው ንገራቸው» አሉኝ። ተመለስኩ።

«አባባ፣ ስለ መኪናዋ አንድ ነገር ልንገርዎት…»

«ሰምቻለሁ፣ በባትሪ ናት። ቶማስ ይለምዳታል።»

«ማለቴ… ትንሽ ናት።»

«ትንሽ ይሻላል! ትልቅማ ነዳጅ ትበላለች።»

«በባትሪ ናት ተባለ እኮ» አሏቸው ባለቤታቸው።

«እንግዲያስ ባትሪ ትበላለች።»

«አባባ፣ በጣም፣ በጣም ትንሽ ናት።»

«እኔንና እሷን ከያዘች ይበቃል» አሉና ወደ ባለቤታቸው ጠቀሱ። ባለቤታቸው አፍረው ሳቁ። ከዚህ በላይ በምን አማርኛ ልንገራቸው?

«ይጀመር!» አሉ ዲኑ። ሰናይት ማብሪያውን ተጫነች፣ እጁ ከተኛበት ቀና አለ፣ ሕዝቡ «ውይ!» አለ፣ መብራት ሄደ። ደስታዬን አልደብቃችሁም። በሕይወቴ መብራት በመጥፋቱ ያመሰገንኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ግን ያ ባጃጁን እየገፋ የመጣው ሰው ባትሪውን ነቅሎ ብቅ አለ። «በእኔ ባትሪ!» አለ። ሕዝቡ አጨበጨበለት። ጠላቴን እንኳ እንዲህ አድርጌ አላየሁትም።

የባጃጅ ባትሪ ጉልበተኛ ነው። እጁ የመጀመሪያውን ጎማ አነሳና በመግጠም ፈንታ ወረወረው፤ ጎማው በረረና የዲኑን ግንባር አገኘ። «ጎል!» አለ አንዱ ከአጥሩ ላይ። ሰናይት የኃይል መቆጣጠሪያውን ዝቅ አደረገችው፤ እኔ ከዲኑ እግር ሥር ጎማውን ለቅሜ መለስኩ። እጁ እንደገና ጀመረ።

ይህን መናገር አለብኝ፤ ደስ ይል ነበር። ጎማውን ይዞ ከፍ ይላል፣ ያሰበ ይመስል ቆም ይላል፣ ዝቅ ብሎ ቀጭ ያደርገዋል። ያ ሁሉ ሰው ትንፋሹን ውጦ ነበር የሚያየው። አቶ ማርቆስ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ይሄ እጅ ቡና ይለቅማል?» አሉኝ።

«አልሞከርነውም አባባ።»

«ቀዩን ከአረንጓዴው ይለያል?»

«አይለይም። ዓይን የለውም።»

«እንግዲያስ ገና ልጅ ነው» አሉ በርኅራኄ።

የመጨረሻው ጎማ ቀጭ አለ። ቀይዋ መኪና ተጠናቀቀች። ጭብጨባው ግቢውን ነቀነቀው፤ ከዚያ ጸጥ አለ። «ጎበዝ! እሺ፣ መኪናዋስ?» አለ አንድ ድምፅ። «ይቺማ ናሙናዋ ናት፤ ዋናዋ ከሕንፃው ጀርባ ናት» ብሎ ሌላው መለሰለት። ግማሹ ሕዝብ ወደ ጀርባ ሮጠ። ከጀርባ ያለው ሽንት ቤትና የተሰባበረ ወንበር ነው። ተመልሰው መጡ።

ደምሴ ግን ማይክ ከያዘ አይቆምም። «አሁን! ርክክብ!» አለ። እጁ መኪናዋን አነሳና ወደ አቶ ማርቆስ ተዘረጋ። ይህን ጊዜ ባለቤታቸው ጮክ ብለው «ለትልቅ ሰው በአንድ እጅ?» አሉ። ሕዝቡ አጉረመረመ። እውነት ነበር፤ ያን ሁሉ ጊዜ ስለ ሞተርና ስለ ጣውላ ስንጨነቅ ይህን ማናችንም አላሰብነውም። አንድ እጅ አያጨበጭብም እንጂ አንድ እጅ አይሰጥም ብሎ የነገረን አልነበረም። በዚያው ቅጽበት ደግሞ ክንዱ እስከ መጨረሻው ተዘርግቶ ስለነበር የትከሻው ሞተር ክብደቱን አልችል አለ፤ እጁ ከነመኪናዋ ቀስ እያለ ወደ ታች ይወርድ ጀመር። ዘልዬ ግራ መዳፌን ከክርኑ ሥር ደገፍኩለት።

«እሰይ! አሁን ሆነ» አሉ ባለቤታቸው። ለካ ሳላውቅ ወጉን አድርሼ ነበር፤ የሮቦቱ ቀኝ ተዘርግቶ፣ የእኔ ግራ ክርኑን ደግፎ፣ ሁለታችንም ጎንበስ ብለናል።

ጎንበስ እንዳልኩ ከአቶ ማርቆስ ጋር ፊት ለፊት ተያየን። ማምለጫ አልነበረኝም። «አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኳቸው። «መኪናዋ ይቺው ናት። ሌላ የለችም። ሞዴል ያልኩት ትንሽ አምሳያ ለማለት ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ቶማስ ጥቁር መነጽሩን አወለቀ። አቶ ማርቆስ መኪናዋን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ገለበጧት፣ ጎማዋን በጣታቸው አሽከረከሩት።

«ትሄዳለች?»

«ትሄዳለች አባባ።»

ወደ ጎረቤቶቻቸው ዞሩና በቤንችኛ አንድ ነገር ተናገሩ። ጎረቤቶቻቸው በሳቅ ፈነዱ፤ አንዱማ ሸራውን ጥሎ ሆዱን ያዘ። በእኔ ነው የሚሳቀው ብዬ ላቤ ወረደ። ሽማግሌው ግን ከደምሴ ማይኩን ተቀበሉ።

«እኔ ከጠዋት ጀምሮ ጭንቅ ላይ ነኝ» አሉ። «ሰው አየኝ ብዬ ነው እንጂ የምስቀው ልቤ አልሳቀም። የእኛ መንገድ ወንዙ ጋ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ በግንድ ነው የምንሻገረው። ትልቅ መኪና ብትሰጡኝ የት ላቆማት ነው? ወንዝ ዳር አቁሜ ዘበኛዋ ልሆን? እምቢ እንዳልል ስጦታ ነው። ይቺ ግን…» ከፍ አድርገው ለሕዝቡ አሳዩአት፤ «ይቺ ግንዱን ትሻገራለች። ቤቴ ትገባለች። በመንደራችን መኪና የገባበት ቤት የለም፤ የእኔ የመጀመሪያው ነው!»

እልልታው ቀለጠ። አላለቀስኩም ብል ሰናይት ስለምታጋልጠኝ፣ አዎ፣ አለቀስኩ። ደስ ብሎኝ ነው ያለቀስኩት፤ ከደስታዬ ብዛት ዲኑን አቅፌ ግንባራቸውን ሳምኳቸው፣ ጎማው ያረፈበት ላይ።

«አንተም ትመጣለህ» አሉኝ አቶ ማርቆስ፤ ልመና አልነበረም። ባጃጆቹ መንገዱ እስኪያልቅ አደረሱን፤ ከዚያ በእግር ሆነ። ቶማስ መኪናዋን በሁለት መዳፉ ይዞ ከፊት ይሄዳል፤ በአፉ «ፒፕ! ፒፕ!» እያለ መንገድ ያስለቅቃል። አበባው አንዱ ብቻ ተደርጎላት ከላይ እስከ ታች ሸፈናት። ሸራው ግን ለዝናብ ተብሎ የመጣ ነውና አልቀረም፤ አራት ጎልማሶች በአራቱ ማዕዘን ወጥረው ይዘው ከቶማስ መዳፍ በላይ ዘረጉት። እኛ በዝናቡ በሰበስን፤ እሷ ጠብታ አልነካትም። በመንገድ ያገኘን ሰው ሁሉ መጀመሪያ ቀብር መስሎት ቆቡን ያወልቃል፤ ጠጋ ብሎ ሲያይ ሰልፉ ውስጥ ይገባል።

ግንዱ ጋ ስንደርስ ከባዱን አይሱዙ በዚያ ሁሉ ጭቃ የሚነዳው ቶማስ ቆመ። «ይቺን ይዤ አልሻገርም፤ ብትወድቅብኝስ?» አለ። የአቶ ማርቆስ ባለቤት መኪናዋን ተቀብለው ቤታቸው ውስጥ እንደሚራመዱ ሆነው ተሻገሩ። እኔ ግንዱን እንደ በቅሎ ተፈናጥጬ ተሻገርኩ። የሱሪዬን ነገር አታንሱብኝ።

ግቢው ውስጥ ጎረቤት ሁሉ ዙሪያውን ቆሞ መኪናዋን መሬት ላይ አስቀመጧት። አቶ ማርቆስ ማብሪያዋን ተጫኑ። ሮጠች! ዶሮዎቹ ተበታተኑ፣ አሮጊቶቹ እልል አሉ፣ አቶ ማርቆስ ከነሙሉ ልብሳቸው ከኋላዋ ሮጡ። ሄዳ ሄዳ ከአጥሩ ሥር ተሰነቀረችና ጎማዋ እዚያው ይሽከረከር ጀመር።

አቶ ማርቆስ እያለከለኩ ወደ እኔ መጡና ክንዴን ያዙኝ። አሁን አይስቁም። «ነገ ወረዳ እሄዳለሁ» አሉኝ።

«ለምን አባባ?»

«ለመንገድ ነዋ። ስንት ጊዜ ጠየቅኩ። ‹መኪና በሌለበት ምን መንገድ ትላለህ?› ይሉኛል። ነገ ግን መኪና አለኝ። ‹መኪናዬ ግቢዬ ውስጥ ቆማለች፣ መውጫ አጣች› እላቸዋለሁ። ውሸት ነው?»

ወደ አጥሩ ሥር አየሁ። «እውነት ነው አባባ» አልኩ።

«እንግዲያስ ምስክሬ አንተ ነህ።»

ሰው አምኖኝ ሲመጣ እምቢ ማለት እንደማልችል ታውቃላችሁ፤ በዚህኛው ግን እምቢ ማለት አልፈለግሁም። ከማንም ፊት ቢያቆሙኝ እጄን አንስቼ እናገራለሁ፦ በዓይኔ አይቻታለሁ፤ ቀይ መኪና ናት፣ ከግቢያቸው አጥር ሥር ቆማለች፣ ሞተሯም ይሠራል፤ የጎደላት መንገድ ብቻ ነው።